ስለ ስድስት ቁና የአደራ ዘርና ስለ ድልድዩ ገመድ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
አስታ ሜዳ፣ መንዝ

ለተከበሩ የአስታ ሜዳና አካባቢው የገበያ ማረጋጋት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከገመዱ ማዶ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና ስድስት ቁና የዘር ገብስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ የሰኔ ብርድ የማይደፍረው፣ የኑሮ ውድነት በሩን የማያውቀው፣ በድልድያችን ላይ እንዳስዘረጉት ገመድም የጠበቀ ጤና እግዚአብሔር እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እኛ እርስዎ ባረጋጉልን ገበያ ደኅና ነን። የሐዋርያት ጾም ባለፈው ሰኞ ገብቷል፤ ብዙዎቻችን ግን ቀደም ብለን ስለ ጀመርነው አልከበደንም።

እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ የዚሁ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። የጡረታ አበሌ ቀደም ባለው ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ያደርሰኝ ነበር፤ ዘንድሮ እስከ አሥራ ስምንት ሸኝቶኝ ይመለሳል፤ የቀሩትን አሥራ ሁለት ቀናት በእግዚአብሔር ቸርነትና በባለቤቴ በወይዘሮ ጌታነሽ ብልሃት እንሻገራቸዋለን። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን ደብዳቤው ከማን እንደ መጣ እንዲያውቁት ነው።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁበትም ምክንያት አለኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ለመዝገብ ቤት አስገብቼ ነበር፤ ክቡርነትዎ ስለ ረሃባችን ስብሰባ ላይ ስለ ነበሩ ሊያነቡት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ይህን ሦስተኛውን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ወፍጮው ዘንድሮ ሥራ ስለ ፈታ በሩ ለማስታወቂያ ምቹ ሆኗል። የማቀርበውም፣ ከድሮው ልማዴ መውጣት ስላልቻልኩ፣ በተራ ቁጥር ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋው ጣሪያ። በሚያዝያ ወር የገብስ ዋጋ አልቀመስ ባለ ጊዜ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ አንድ ቁና ከተወሰነው ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ ጣሪያ ስለ ሠራለት ምስጋናዬ የላቀ ነው። የማዳበሪያ፣ የዘይት፣ የሳሙናና የጨው ዋጋ ግን ጣሪያ ሳይሠራላቸው ውጭ ስለ ቀሩ ዝናቡ እያገኛቸው አደጉ። ገበሬው ገብሱን በጣሪያ ሸጦ ማዳበሪያውን በሰማይ መግዛት ስላልሆነለት ያለችውን ይዞ ቤቱ ተቀመጠ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አደባባዩ ላይ የነበሩት ሦስት ጨው ሻጮችና አንድ የታመመ በግ ነበሩ። በዚያው ሳምንት በሞንታርቦ «ገበያው ተረጋግቷል» ተብሎ ሲነገር እኔ በበኩሌ እውነትነቱን ለጎረቤቶቼ መስክሬያለሁ፤ እንደዚያ የተረጋጋ ገበያ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ገመዱ። ገብሱ የጠፋው ወደ ሌላ ወረዳ እየሸሸ ነው ተብሎ ስለ ታመነ፣ ከቀበሌያችን እህል እንዳይወጣ ኬላ ቆመልን። የቀበሌያችን ወሰን፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ከድልድዩ አልፎ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኘው የድንጋይ ካብ ነው፤ ካርታ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን በእግር ወስጄ ያሳየሁት ስለሆነ በዚህ አልሳሳትም። ካቡ ዘንድ ግን ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ የለም፤ ድልድዩ ዘንድ ሁለት ጥዶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ለጠባቂዎቹም ጥላ አለ። ወሰኑም ተነሥቶ ወደ ገመዱ መጣ። በዚህ ምክንያት ወፍጮ ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ ሠላሳ አንድ አባወራና፣ በይቅርታ፣ የክቡርነትዎ ቢሮ ራሱ ከቀበሌው ውጭ ሆነዋል። በየቀኑ ከውጭ ሆነው እኛን ለማስተዳደር የሚደክሙትን ድካም ሳስብ ልቤ ይነካል።

ገመዱ የታሰረው በሰው ደረት ልክ ስለሆነ ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ቄሱም የሚያልፉት ጎንበስ ብለው ነው። እኔም ወገቤን እያመመኝ ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ፤ ትሕትና በዚህ ዕድሜም ይለመዳል። ደግሞም መመሪያዎ «ገመዱ የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አይከለክልም» ይላል። ይህም ትክክል ነው፤ የሚገባ ግን ጠፋ። ከቆላ ማሽላና ዘይት ጭነው ይመጡልን የነበሩት ነጋዴው አቶ አብዱልሀኪም ሲመለሱ የሚጭኑት የኛን ገብስ ነበር። መጨረሻ የመጡ ዕለት ባዶ መኪናቸውን እያዩ፣ «መምህር፣ ባዶ መኪና ቁልቁለቱን እንኳ አይወርድልኝም፤ ገመዳችሁ የተበጠሰ ቀን ላኩብኝ» ብለውኝ ሄዱ። እነሆ ሰባት ሳምንት ሆነ። የማሽላ ዋጋም ገብሱን ብቻውን ላለመተው ብሎ ተከትሎት ወጣ።

ሦስተኛ፣ ስለ እሁድ ገበያው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በገመዱ ላይ የሚያዘው እህል ባክኖ እንዳይቀር በየእሁዱ ለነዋሪው በጣሪያው ዋጋ፣ ለአንድ ቤት አንድ ቁና እየተሰፈረ እንዲሸጥ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው። ለጡረተኞች ቅድሚያ ስለ ተሰጠም ባለፈው እሁድ የቆምኩት አምስት ሰዓት ብቻ ነው። የደረሰኝ ገብስ ፍሬው የሞላ፣ እንክርዳድ የሌለበት፣ በእጅ የተለቀመ የሚመስል ነበር። ትንሽ አመድ ስለ ነካው ባለቤቴ ለጊዜው የሚበቃንን አጥባ አሰጣችው፤ እያሰጣችም፣ «እንዲህ ያለውን ገብስ የሚሸጥ ሰው ምን ቢቸግረው ነው?» እያለች ትገረም ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከገመዱ ማዶ ስለሆነ ቆልታ በእጇ ፈጨችው፤ ጾሙንም በበሶ ጀመርነው። ብዙ ጊዜ ሆኖን ስለ ነበር ጣዕሙ አፋችን ላይ ዋለ።

አራተኛ፣ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ዋናው ጉዳይ።

በኛ ሰፈር እህል ባጠረበት ዓመት ዘር በባለቤቱ ቤት አያድርም። ልጅ ሲያለቅስ እናት እጇን ወደ ዘሩ ትሰዳለች፤ አንድ ቀን አንድ እፍኝ የተነሣለት ጆንያ ሰኔን አያይም። ስለዚህ የኔን ዘር ጎረቤት፣ የጎረቤትን ዘር እኔ አስቀምጣለሁ። ሲጨንቀው የራሱን ዘር የሚበላ ይገኝ ይሆናል፤ የሰው አደራ የሚበላ ግን እስካሁን በሰፈራችን አልተሰማም። ክቡርነትዎም የገበሬ ልጅ ስለሆኑ ይህን ለማስረዳት መሞከሬ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷም፣ ያላት አንድ ጥማድ መሬትም ከድልድዩ ማዶ ነው። እሷንም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጆቿንም አስተምሬያለሁ። በታኅሣሥ አውድማዋን እንዳነሣች ስድስት ቁና ዘር መርጣ፣ ለቅማ፣ በአህያ ጭና ወደ ቤቴ አመጣችው። እኔም እንዳይነቅዝ በአመድ አሽቼ በጆንያ ከተትኩት፤ የማንና ምን እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከእህሉ ውስጥ ጨመርኩ፤ አፉን አሰርኩት። የካቲትና መጋቢት የኛው ጎተራ ታጥቦ በከረመበት ጊዜ ባለቤቴ በዚያ ጆንያ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። አምስት ወር ከምናምን ቀን ከኛ ጋር ሲኖር አንድ ፍሬ አላነሣንበትም።

በግንቦት መጨረሻ ማሳዋን አሳርሳ ዘሯን ልትወስድ መጣች። ጆንያውን በሁለት ከፍላ በገደሉ በኩል ዞራ ለመሻገር አስባ ነበር፤ «ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ጋሼ» አለችኝ። የከለከልኳት እኔ ነኝ። የራስሽ ዘር ነው፤ የራስሽ ማሳ ነው፤ ቀበሌውም አንድ ነው፤ እንደ ሌባ በገደል ምን አስኬደሽ፤ ፈቃድ አውጥተሽ በድልድዩ እለፊ አልኳት። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሕግ ደብተር ላይ ሲያዩት ያምራል» አለችና ሳቀች። ሆኖም መምህሯ ነበርኩና ታዘዘችኝ።

ፈቃድ የሚወጣበትን መንገድ እንደሚከተለው አጥንቼዋለሁ፤ ከተሳሳትኩ እታረማለሁ። እህል ያለ ፈቃድ ገመዱን አያልፍም። ፈቃድ የሚሰጠው እህሉ ለቢሮው ቀርቦ ከታየ በኋላ ነው። ቢሮው ከገመዱ ማዶ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሒሳብ ጥያቄ ሳወጣ መልስ የሌለው ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም ነበርና፣ ኮሚቴዎ በአንድ ስብሰባ ይህን ማውጣቱ አስደንቆኛል።

ወይዘሮ ይመኙሻል በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ በመቀነቷ ቋጥራ ለቢሮው አሳየች፤ እፍኝ ስለ ስድስት ቁና አይመሰክርም፣ ሙሉው ይምጣ ተባለች። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን ለማምጣት ጠባቂዎቹን ጠየቀች፤ ፈቃዱ ይምጣ ተባለች። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ ሄጄ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ጽፌ ለጸሐፊው አሳየሁ፤ አንብቦ «ልክ ነው» አለኝና መለሰልኝ። በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ግንቦት 27፣ ዘሩን በአህያዋ ጫነች። እኔም ወደ ቢሮው ለፈቃድ የሚሄድ እንጂ የሚሸጥ አለመሆኑን ለመመስከር ከኋላዋ ተከተልኩ።

ገመዱ ላይ ያገኘነው የድሮ ተማሪዬን ምንተስኖትን ነው። ጆንያውን ከአህያዋ ካወረደ በኋላ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ መመሪያውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ ይሉን አልነበር? ይኸው አነበብኩት፤ ያለ ፈቃድ ገመዱ ዘንድ የደረሰ እህል ኮንትሮባንድ ነው ይላል» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። ይላል። መልሱ ትክክል ስለ ነበር የምቀንስበት ነጥብ አላገኘሁም።

ወይዘሮ ይመኙሻል ግን እንደኔ የመመሪያ ሰው ስላልሆነች፣ «አንተ ምንተስኖት፣ ይህን ዘር ከወሰድክ ለከርሞ አራቱንም ልጆቼን አንተ ደጅ ነው የማሰልፋቸው» አለችው። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «ይሰለፉ፣ እትዬ፤ ደጄ ሰፊ ነው። ደመወዝ ካየሁ ሦስት ወር ሆኖኛልና ከኔ ልጆች ኋላ ይቆማሉ» አላት። አህያዋን ወዲያው መልሰውላታል፤ እሁድ ገበያ ላይ ስለማትሸጥ ይመስለኛል። ስለዚህም እናመሰግናለን።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ የቀረውን በአጭሩ ልበል። ዝናቡ ገብቷል፤ ማሳው ታርሶ አፉን ከፍቷል። እዚህ ደጋ ላይ ገብስ ከሰኔ ሚካኤል በፊት መሬት ካልገባ ፍሬ ሳይዝ የጥቅምት ውርጭ ያገኘዋል። ሚካኤል ሐሙስ ነው። ሌላ ዘር ከገበያ ትግዛ እንዳይባል፣ ገበያው ተረጋግቷል። ያ ዘር ካልተመለሰ አንዲት እናትና አራት ልጆቿ የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ የሚበሉት የላቸውም፤ ወደዚህ ያደረሳትም ኮሚቴዎ ከኔ ጋር ተባብሮ ነው፤ እኔ ሕጉን እንድታከብር መከርኩ፤ እናንተ ሕጉን አወጣችሁ። ጥፋቱን ለሁለት እንድንካፈል በትሕትና እጠይቃለሁ። የኔን ድርሻ በዚህ ወረቀት ከፍያለሁ። የእናንተ ድርሻ ስድስት ቁና ገብስ ነው፤ አፉ እንደ ታሰረ ነበርና ለመለየት አያስቸግርም፤ ስሟ በውስጡ ተጽፏል።

ለዚህ ትንሽ ጉዳይ ከስብሰባዎ ስላናጠብኩዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጣሪያዎ እንዳያፈስ፣ ገመድዎ እንዳይላላ፣ ሞንታርቦዎም ባትሪ እንዳያጣ የዘወትር ምኞቴ መሆኑን በመግለጽ፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ገሠሠ ባስልዮስ
ጡረተኛ መምህር፣ ከገመዱ ወዲህ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለእድራችን ዳኛ፣ በስብሰባ ላይ እንዲነበብ
ለምንተስኖት፣ ማንበብ ስለሚወድ

የኋላ ጽሑፍ፣ እሁድ ሰኔ 8።

ደብዳቤውን ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ልለጥፈው ተነሥቼ ሳለ ባለቤቴ ጠራችኝ። ከእሁድ ገበያ የገዛሁትን ገብስ የቀረውን ልታጥብ ከረጢቱን ስትገለብጥ ከግርጌው አንድ ቁራጭ ወረቀት ወደቀ። «የወይዘሮ ይመኙሻል ዘር፣ ስድስት ቁና። የሰው አደራ ነውና አይበላም» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ባለቤቴ ሰፌዱን አስቀምጣ ወጣች። አመዱን አይቼ፣ ፍሬው የተለቀመ መሆኑን አይቼ፣ ሁለቱን ሳላገናኝ ሳምንት ሙሉ በልቻለሁ፤ ጣዕሙንም ከላይ በተራ ቁጥር ሦስት አመስግኛለሁ። አምስት ወር በረሃብ ያልነካነውን አደራ በክቡርነትዎ ቸርነት በሰልፍ ቆመን፣ ከፍለን በላነው። አምስቱ ቁናም በሌሎች ቤቶች እንዲሁ ተበልቶ ይሆናል፤ የበሉትም እንደኔ አመስግነው ነው።

እንግዲህ በተራ ቁጥር አራት «የሰው አደራ የሚበላ እስካሁን በሰፈራችን አልተሰማም» ያልኩት ይታረምልኝ። ተሰምቷል።

ቀትር ላይ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብዬ አልፌ ለወይዘሮ ይመኙሻል ነገርኳት። እሷም ለልጇ «ለጋሼ በርጩማ አምጪላቸው» ብላ፣ «እንኳን እርስዎ በሉት፣ ጋሼ፤ ባዳ ከሚበላው» አለችኝ። ኮሚቴዎ እስከ ዛሬ ካወጣብን ቅጣት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ከቁናው ሁለት ጣሳ ያህል ተርፏል። አስልቼዋለሁ፤ ቢዘራ የአንድ አውድማ ስፋት እንኳ አይሸፍንም። ቢሆንም ነገ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በገደሉ ሳይሆን በድልድዩ፣ በትከሻዬ ተሸክሜው ወደ ማሳዋ አልፋለሁ። ፈቃድ የለኝም። ምንተስኖት መመሪያውን በሚገባ ስለሚያውቅ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱን ከፍ አድርገው እንዲይዙልኝ ይዘዙልኝ። ሸክም ይዤ ጎንበስ ማለት አልችልም።